የታቀፈች ዶሮ

ልጅ ሳለሁ ዶሯችን እንቁላል የታቀፈች እንደሆነ አላስችል ይለኝ ነበር። ሰው ዘወር ሲልልኝ ቅርጫቱ ውስጥ እጄን ከሥሯ ሰደድ አደርጋለሁ። ያ ሙቀት! እናቴ ከጓዳ ሆና፣ «ተው! ጥላው ትነሣብሃለች!» ትለኛለች። መንካት ብቻውን ሊጎዳ እንደሚችል መጀመሪያ የሰማሁት ከእሷ ነው።

ይህን ያስታወሰኝ የግሬት ደክ ደሴት ታሪክ ነው። አሜሪካ ውስጥ፣ ከሜይን ግዛት ዳርቻ ወጣ ብላ የምትገኝ ትንሽ ደሴት ናት። እዚያ ሊችስ ስቶርም ፔትረል የምትባል ከእፍኝ የማትተርፍ የባሕር ወፍ አለች። አፈር ውስጥ በተቆፈረ ጉድጓድ፣ በዓመት አንዲት እንቁላል ብቻ ትጥላለች። ወጣ ገባ የምትለውም በሌሊት ነው። በታቀፈች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሰው ከነካካት ጎጆዋን ትታ ልትሄድ ትችላለች። ታዲያ የጉድጓዱ ሙቀት ስንት እንደሆነ፣ ወፏስ መኖር አለመኖሯ በምን ይታወቅ?

እ.ኤ.አ. በ2002 የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲና የኢንቴል ተመራማሪዎች፣ ከኮሌጅ ኦፍ ዘ አትላንቲክ ጋር ሆነው፣ 32 ገመድ አልባ መለኪያዎችን በጉድጓዶቹ ውስጥና ከደጃቸው አኖሩ። የአንዷ መለኪያ ስንቅ፣ የግድግዳ ሰዓት ውስጥ የምንከተው ዓይነት ሁለት ባትሪ ድንጋይ ነው። በዚያ ወራትን መክረም ነበረባት። እኔን የገረመኝ ዘዴው ነው፦ ሬዲዮ ባትሪ ይጨርሳል፤ ስለዚህ መሣሪያዋ አብዛኛውን ጊዜ ትተኛለች። ብንን ብላ ሙቀቱንና እርጥበቱን ትለካለች፣ የለካችውን ትልካለች፣ መልሳ ትተኛለች። የተላከውን አንቴና ይቀበለው፣ ከዚያ ደሴቲቱ ላይ ከነበረው ኮምፒውተር በሳተላይት ወደ ኢንተርኔት ይሄድ ነበር።

ሁሉም አልሰመረም። የደሴቲቱ እርጥበት ውስጣቸው እየገባ ብዙዎቹን አበላሽቷል። ለመጠገን ደግሞ ጉድጓድ መክፈት ሊመጣ ነው፤ ያ ማለት የፈሩትን ማድረግ ነው። ለዚህ ነው እኔ የዚህን ሥራ ትልቅነት በርቀቱ የማልለካው። ከዋሽንግተንም ሆነ ከአዲስ አበባ ሆኖ ቁጥር ማንበብ ደስ ይላል፤ ዋናው ግን ወፏ ሳትረበሽ መቅረቷ ነው።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ወፏ ቤት መሆኗን የሚያውቁት በካሜራ አልነበረም። ከመለኪያው ጋር የተገጠመች ትንሽ ዳሳሽ ከገላዋ የሚወጣውን ሙቀት ትለያለች። እኔ እጄን ሰድጄ እፈልገው የነበረው ያ ሙቀት፣ ማንም ሳይነካት፣ ቁጥር ሆኖ ይወጣል። እሷም እንቁላሏ ላይ እንደተኛች ናት።