ጥንካሬ በስንት ሰከንድ?

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2015 አልፋጎ የተሰኘው ፕሮግራም ጎ በሚባለው ጥንታዊ የሰሌዳ ጨዋታ የአውሮፓውን ሻምፒዮን ፋን ሁዊን ገጠመ። ለእያንዳንዱ ወገን አንድ ሰዓትና ጥቂት ጭማሪ በተሰጠባቸው አምስት ይፋዊ ጨዋታዎች 5 ለ 0 ረታ፤ ሰዓቱ እጅግ ባጠረባቸው አምስት ይፋ ያልሆኑ ጨዋታዎች ግን ውጤቱ 3 ለ 2 ሆነ።

አምስት ጨዋታ ለብያኔ አይበቃም። ቢሆንም ፕሮግራሙ የሚመረምረው የእርምጃ ብዛት በተሰጠው ጊዜና በማሽኑ አቅም ይወሰናል። ተመራማሪዎቹ ከሌሎች ፕሮግራሞች ጋር ሲያወዳድሩት ለአንድ እርምጃ 5 ሰከንድ የወሰኑትም ለዚህ ነው፤ ከ495 ጨዋታ 494ቱን አሸነፈ። ይህ አኃዝ የሚመሰክረው ግን ስለዚያ 5 ሰከንድ ብቻ ነው።

ዛሬ በደረጃ ሰንጠረዥ ተማምኖ የሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚገዛ ተቋም «ማን ይበልጣል?» ከማለቱ በፊት «በስንት ሰከንድ፣ በየትኛው ማሽን?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባዋል።