አንዲት ጥይት

ከኦሃዮ የተደወለው ስልክ ኢስሊ ሲደርስ አዛውንቱ የማታ ቡናቸውን ሁለተኛ ስኒ ይዘው ነበር። ደዋዩ የእህታቸው ልጅ ነው። «ጋሼ፣ አጋዘን ላድን ነው» አለ። «ጠመንጃውን ገዝቻለሁ፤ የጥይቱን ነገር ግን ከእርስዎ ሌላ የምጠይቀው የለኝም።»

ጥያቄው ናይሮቢ ድረስ መምጣቱ ፈገግ ያሰኛል። ይህች ከተማ በአንድ ወቅት የአዳኞች መናኸሪያ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1904 የተከፈተው ኖርፎክ ሆቴል ከየአገሩ የመጣውን አዳኝ ያስተናግድ ነበር። ለአንበሳ ሥጋ ውስጥ ሲገባ የሚሰፋ ባለ ለስላሳ ጫፍ ጥይት፣ ለዝሆን ደግሞ አጥንት ሰብሮ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ድፍን ጥይት መያዝ የሙያው ሀሁ ነበር። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1977 አደንን ከከለከለች ወዲህ ያ ሁሉ ወሬ ወደ መጻሕፍት ገብቷል። አዛውንቱም በ1983 ዓ.ም. ናይሮቢ ከገቡ ጀምሮ ቃታ ስበው አያውቁም። የቀራቸው ነገር ቢኖር ከቶም ምቦያ ጎዳና መጽሐፍ ነጋዴዎች እየገዙ የሚያገላብጧቸው አሮጌ የአሜሪካ የአደን መጽሔቶች ናቸው።

ኦሃዮ ሜዳማና ሰው የሰፈረባት በመሆኗ አጋዘን በረጅም ርቀት ጠመንጃ እንዳይታደን ለብዙ ዘመን ከልክላለች፤ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ነው ቀለሃቸው ቀጥ ያለ ጥቂት የጠመንጃ ዓይነቶችን የፈቀደችው። ስለዚህ ብዙው ሰው ለብዙ ዘመን የሚይዘው ሾትገን ነበር። ሾትገን እንደ ልማዱ ደቃቅ እርሳስ ይበትናል፤ ለአጋዘን ግን አንድ ወፍራም እርሳስ ይጎርሳል፤ ስለግ ይሉታል። የልጁ ጠመንጃ ደግሞ አፈሙዙ ውስጡ ልሙጥ ሳይሆን እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ቦይ ያለው ነው።

«የገዛኸውን ጥይት ሳጥኑን አንብብልኝ» አሉት።

«ራይፍልድ ስለግ ይላል። አፈሙዙም ራይፍልድ ነው፤ ይገጥማል ብዬ ነው።»

አዛውንቱ ሳቁ። ስሙ ያላሳሳተው ጀማሪ የለም። ጎኑ ላይ ሰያፍ ሰርጥ ያለው ይህ ለስላሳ እርሳስ፣ ካርል ፎስተር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1931 ያበጀው፣ የታሰበው ለልሙጥ አፈሙዝ ነው። ፊቱ ከባድ፣ ኋላው ባዶ ስለሆነ ብዙም ሳይሽከረከር አቅጣጫውን ይዞ ይሄዳል። ባለ ቦይ አፈሙዝ ውስጥ ሲተኮስ ግን እርሳሱ ቦዩን እየለሰነ ይሞላዋል፤ ጥቂት ከተተኮሰ በኋላ ጥይቱ ወዴት እንደሚሄድ ተኳሹም አያውቅ። ለእንዲህ ያለው አፈሙዝ የሚሻለው ሳቦ የተባለው ነው፤ ቃሉ በፈረንሳይኛ የእንጨት ጫማ ማለት ነው። ቀጭኑ ጥይት የፕላስቲክ ጫማ ተጫምቶ ይገባል፤ ጫማው ቦዩን ጨብጦ ጥይቱን ያሽከረክረውና ከአፈሙዙ ሲወጣ ወልቆ ይወድቃል።

«ሦስት ዓይነት ግዛ። ጠመንጃህን አስደግፈህ፣ በሃምሳ ሜትር፣ ከየዓይነቱ ሦስት ሦስት ተኩስ። በየመሐሉ አፈሙዙን አብርደው። ቀዳዳዎቹን ያቀራረበልህን ያዝ፤ የሳጥኑን ማስታወቂያ ተወው።»

«ጋሼ፣ በሳጥን አምስት ብቻ ነው ያለው! ለወረቀት ይህን ያህል ገንዘብ?»

አዛውንቱ ዝም አሉ። ስልኩ የተቋረጠ እስኪመስል ዝም አሉ።

ከዚያ በንጉሡ ዘመን አርሲ ደጋ ላይ የሆነውን ነገሩት። በውሰት ቤልጅግ ወንድ የደጋ አጋዘን ተኩሰው ነበር። ጥይቱ ለጦር ሜዳ የተሠራ፣ በብረት ልባስ የተሸፈነ ድፍን ነበር፤ ሌላ አልነበራቸውም፤ ልዩነት መኖሩንም አያውቁም። የሄግ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1899 በሰው ገላ ውስጥ የሚሰፋ ጥይት በጦርነት እንዳይተኮስ ሲከለክል ለሰው አዝኖ ነው፤ ያው ድፍን ጥይት በአዳኝ እጅ ሲሆን ግን እንስሳውን በስቶ ያልፋል፤ ቶሎ አይጥለውም። አጋዘኑ ሮጠ። በአስታው ቁጥቋጦ መሐል ደሙን ተከትለው እስኪመሽ ሄዱ፤ አላገኙትም። በሦስተኛው ቀን ቦታውን ያሳዩአቸው አሞራዎች ናቸው።

«ቤት ገብቼ ሳትኩት አልኩ። እናትህም የምታውቀው ሳትኩት ብዬ ነው። አልሳትኩትም።»

ልጁ ስለ ዋጋ ደግሞ አላነሣም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የወረቀት ፎቶግራፍ ላከ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠጉ። በሁለቱ ዓይነት የተተኮሰው ተበትኗል፤ ሦስተኛው ግን ሦስቱን ቀዳዳ መዳፍ በሚከድነው ስፍራ አኑሯል። ወዲያው ደወሉለት።

«እነዚህን ሦስቱን ስትተኩስ አፈሙዙ በርዶ ነበር?»

«ከመጀመሪያዋ በስተቀር ሞቅ ሳይል አልቀረም ጋሼ።»

«ጫካ ውስጥ የምትተኩሰው በብርዱ ነው። ነገ ጠዋት ውጣና አንዲት ብቻ ተኩስ። የት እንዳረፈች ንገረኝ፤ አልተኛም፣ እጠብቅሃለሁ።»