ያልተሰማው ድምፅ

ሰው ዕውቀቱን ለሰው ከሚያስተላልፍባቸው መንገዶች ሁሉ ቀዳሚው ድምፅ ነው። መምህሩ የሚናገረው እውነት፣ ምሳሌውም የተመረጠ ቢሆን፣ ድምፁ ከተማሪው ጆሮ ካልደረሰ ትምህርቱ እንዳልተሰጠ ይቈጠራል። በክፍል ውስጥ ይህን ጉድለት ማረም ቀላል ነው፤ ከኋላ የተቀመጠው ተማሪ እጁን አውጥቶ «አልተሰማኝም» ይላልና። መምህርና ተማሪ ተራርቀው ቃሉ በመሣሪያ ተቀድቶ በሚሄድበት ጊዜ ግን እጅ የሚያወጣ የለም።

ይህን በሚገባ የተረዳሁት በ2012 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት በመላ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርት በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይሰጥ ጀመር፤ ብዙ መምህራንም በየቤታቸው ከኮምፒዩተር ካሜራ ፊት እየተቀመጡ ትምህርታቸውን ቀድተው በቴሌግራም ለተማሪዎቻቸው ይልኩ ነበር። በጅማ ከተማ የምትኖር አንዲት የባዮሎጂ መምህርት ወዳጄም እንዲሁ አደረገች። ከተማሪዎቿ ከፊሎቹ በጅማ ቀርተዋል፤ ከፊሎቹም ወላጆቻቸው ቡና ወደሚያለሙባቸው ወደ አጋሮና ወደ ሊሙ ተመልሰዋል። የመጀመሪያውን ትምህርት በላከች ማግስት አንድ ተማሪ ከአጋሮ እንዲህ ሲል ጻፈላት፦ «መምህር፣ ከንፈርዎ ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፤ ቃልዎ ግን አይሰማኝም። ስልኩን ከጆሮዬ ባጣብቀውም የምሰማው እንደ ዝናብ ያለ ሹክሹክታ ብቻ ነው።»

መምህርቷ በተፈጥሮዋ ድምፀ ቀጭን ናት፤ ስለዚህም ጥፋቱን ከራሷ አገኘችው። «ድምፄ ለዚህ ሥራ አይበጅም፤ ሌላ ሰው ይተካኝ» አለችኝ። እኔ ግን በክፍል ውስጥ ስታስተምር ሰምቻት አውቃለሁ፤ 60 ያህል ተማሪዎች ጸጥ ብለው ያዳምጧት ነበር። እንግዲያውስ ጉድለቱ ከጉሮሮዋ ሳይሆን ከአቀዳዱ መሆን አለበት በማለት፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ ከቤቷ ሄድሁ።

በቅድሚያ የመረመርነው ኮምፒዩተሩ በየትኛው ማይክሮፎን እንደሚሰማ ነው። ገዝታ የሰካችው ካሜራ የራሱ ማይክሮፎን አለው፤ ኮምፒዩተሩም የራሱ አለው። ይህን ለመለየት ካሜራውን በጣት ጫፍ ቀስ ብሎ መታ መታ አድርጎ፣ የድምፁን መጠን የሚያሳየው መስመር ከፍ ዝቅ ማለቱን መመልከት ይበቃል። መስመሩ አልተንቀሳቀሰም፤ ኮምፒዩተሩን ስንነካው ግን ወዲያው ዘለለ። ለካስ ምስሉን ካሜራው ሲወስድ፣ ድምፁን የሚወስደው ከማቀዝቀዣው ነፋስ አጠገብ ያለው የኮምፒዩተሩ ማይክሮፎን ኖሯል። ተማሪው እንደ ዝናብ የሰማውም ይህንኑ ነፋስ ነው። የካሜራውን ማይክሮፎን መረጥን። የመቀበያው መጠን ከ100 በ40 ላይ ሆኖ ስላገኘነውም ወደ 80 ከፍ አደረግነው። እስከ መጨረሻው አላደረስነውም፤ ከልክ ያለፈ ድምፅ ጫፉ ተቈርጦ ይሻክራልና።

ቀጥሎ ርቀቱን ለካን። ድምፅ ከምንጩ በራቀ ቍጥር ይበተናል፤ ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር የድምፁ ኃይል ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። መምህርቷ ከካሜራው 80 ሴንቲ ሜትር ርቃ ትቀመጥ ነበር። ወንበሯን ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ስታቀርብ፣ አንዳች ሳትጮኽ፣ ከአፏ በቀጥታ የሚደርሰው ድምፅ በኃይሉ አራት እጥፍ ሆነ።

ከዚህም ሌላ ማይክሮፎን እንደ ሰው ጆሮ አይመርጥም። በ1962 እ.ኤ.አ. ጄምስ ዌስትና ጌርሃርድ ሴስለር በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ የሠሩት ኤሌክትሬት ማይክሮፎን፣ ማይክሮፎኖች ትንሽና ርካሽ እንዲሆኑ መንገድ ከፍቷል። ሆኖም ትንሹም ትልቁም የቀረበለትን ሁሉ ይቀበላል። በጅማ ደግሞ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚወርደውን ዝናብ የሚያሸንፍ ድምፅ የለም። ስለሆነም ሰማዩ ሳይከብድ፣ በማለዳ ትቀዳ ዘንድ ተስማማን። ባዶው ግድግዳ ድምፁን እየመለሰ እንዳያደበዝዘው ጋቢና ብርድ ልብስ ሰቀልንበት።

«ድምፁን ከተቀዳ በኋላ ማጕላት አይቻልምን?» የሚል ይኖራል። ይቻላል፤ እንደ አውዳሲቲ ያሉ መሣሪያዎች ይህን ይሠራሉ። ነገር ግን ቃሉን ሲያጐሉ ነፋሱንም አብረው ያጐሉታል። የጅማና የአካባቢዋ ቡና አልሚዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ፤ ጥሬ ፍሬ ከቀይ እሸት ጋር ተቀላቅሎ ከተለቀመ፣ ቡና ቆዪዋ የቱንም ያህል ብትጠነቀቅ ጣዕሙን አታስተካክለውም። ጥራት የሚጀምረው ከለቀማው ነው።

በሦስተኛው ቀን ስለ ሕዋስ አዲስ ትምህርት ተላከ። ከአጋሮው ተማሪ የመጣው መልስ ምስጋና አልነበረም፤ «መምህር፣ ሚቶኮንድሪያ በዕፅዋት ሕዋስ ውስጥም ይገኛልን?» የሚል ጥያቄ ነበር። መምህርቷ ጥያቄውን ሁለት ጊዜ አነበበችው፤ ከዚያም «ይገኛል» ብላ ማስረዳት ጀመረች። ስለሚተካት ሰው ዳግመኛ አላነሣችም።

አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ይላሉ። ያልተሰማ ሰው ሁሉ ድምፅ የሌለው አይደለም። ብዙ ጊዜ የጐደለው ቃሉ የሚያልፍበት መንገድ ነውና፣ «ጩኽ» ከማለት አስቀድሞ መንገዱን መመርመር ይገባል።