ከመተማ እስከ ገዳሪፍ፦ የኩፍኝ ትዝብት

፩
ድሮ እናቶች ኩፍኝ ያልወጣለትን ልጅ አለኝ ብለው አይቆጥሩም ነበር። ዛሬ ደግሞ «ኩፍኝ ነው፣ ይወጣለትና ይድናል» የሚል ብዙ ነው። የሚፈራውም የሚንቀውም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ልጅ በኩፍኝ መታመሙ አይቀርም ይላሉ። የመከላከያው ክትባት ግን ሥራ ላይ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው።

፪
በ77ቱ (በ1977 ዓ.ም.) ረሃብ ከትግራይና ከጎንደር በእግሩ የወጣ ሕዝብ ምሥራቅ ሱዳን ገባ። እ.ኤ.አ. በ1985 በአንዱ መጠለያ፣ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆነ ከ1000 ልጆች 30ዎቹ በአንድ ወር ውስጥ በኩፍኝ ሞቱ። ታመው ከተመዘገቡት መካከል 30 በመቶ የሚጠጉት አልተረፉም። ክትባቱ ያኔ 22 ዓመት ሆኖታል። ስለ 77 ሲወራ ረሃቡ ይነሳል፤ ኩፍኙን የሚያነሳ ጥቂት ነው።

፫
የ77 ስደተኛ ካረፈባቸው ቦታዎች አንዱ በምሥራቅ ሱዳን ገዳሪፍ ውስጥ ያለው የኡም ራኩባ መጠለያ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ጦርነት ለሸሹ ሰዎች እንደገና ተከፈተ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሱዳናውያን ጦርነት ሸሽተው በገላባት በኩል ድንበር ተሻግረው ወደ ኢትዮጵያ፣ ወደ መተማ ገቡ። ድንበሩ ያው ነው።

፬
በሕክምና መጻሕፍት ሥዕል ላይ የኩፍኝ ሽፍታ ቀይ ነው፤ የተሣለው በነጭ ቆዳ ላይ ነውና። በቆላ ልጅ ጠይም ፊት ላይ ቅላቱ ብዙም አይታይም። ከጆሮ ጀርባና ከፀጉር መነሻ ሲዳሰስ ግን ይሻክራል። ከዚያ ወደ ፊት፣ ወደ ደረት፣ ወደ እግር ይወርዳል። ዓይን ይቀላል፣ አፍንጫ ይፈሳል። ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ጉንጩ ውስጥ የጨው ቅንጣት የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች ይታያሉ። አፉን ከፍቶ የሚያይ ካለ።

፭
የታመመው ልጅ ፀሐይ እንዳያገኘው ጨለማ ጓዳ ይተኛል። በሩ ለፀሐይ ይዘጋል፣ ለጠያቂ ይከፈታል። ጠያቂዋ ልጇን አዝላ ትገባለች። ቫይረሱ የታመመው ልጅ በነበረበት ቤት አየር ላይ እስከ 2 ሰዓት ይቆያል።

፮
በቆላ መርፌ ያልወጋ ሐኪም አከመኝ አይባልም። ኩፍኝ ሲሆን ግን ያው ሰው «መርፌ ካገኘው ወደ ውስጥ ይገባበታል» ብሎ ልጁን ቤት ያስቀራል። ለዚያ ልጅ ዓይን ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ቫይታሚን ኤ ነው። እሱ መርፌ አይደለም። በሁለት ተከታታይ ቀናት በአፍ ይሰጣል።

፯
ድንበር አቋርጦ የሚሄድ መንገደኛ የቢጫ ወባ ካርድ ሊጠየቅ ይችላል። እናቱ ጀርባ ላይ ያለውን ሕፃን የኩፍኝ ካርድ የሚጠይቀው የለም።

፰
አንዱ የኩፍኝ ክትባት ጠርሙስ ብዙ ጊዜ ለ10 ልጅ ነው። ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ይጣላል። ስለዚህ ባለሙያው ልጆች እስኪበዙ ይጠብቃል፤ ብቻዋን የመጣችውን እናት «ሌላ ቀን ነይ» ይላታል። ከሰሊጥ እርሻ ለመጣች የጉልበት ሠራተኛ (ሳሉግ) ሌላ ቀን ማለት የቀረ የቀን ሥራ ነው። የባከነ ክትባት መዝገብ ላይ ይሰፍራል። የተመለሰችው እናት አትሰፍርም።

፱
በኢትዮጵያ ሕፃን ለኩፍኝ በ9 ወሩና በ15 ወሩ ይከተባል። በሱዳን ሁለተኛው በ18 ወር ነው። ገዳሪፍ ለአረም የወረደች እናት የአማርኛ ካርድ ይዛ ዓረብኛ ከሚያነብ ነርስ ፊት ትቆማለች። «ተከትቧል» ትላለች። ስንተኛው እንደሆነ ግን መግባባት አይቻልም። በስደተኛ መጠለያ የሚሠራበት ደንብ ይህን ችግር ፈቶታል፦ ከ6 ወር እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ ካርድ ኖረውም አልኖረውም ይከተባል። አንድ ክትባት ቢደገም ልጁን አይጎዳውም። ደንቡ ከመጠለያው አጥር ውጭ ለምን እንደማይሠራ አይገባኝም።

፲
ኢትዮጵያና ሱዳን የሚወዛገቡበት የአል ፋሽቃ የድንበር መሬት የማን እንደሆነ ሁለቱም አገሮች አጥብቀው ይናገራሉ። እዚያ የሚወለደውን ልጅ ማን እንደሚከትበው ሲናገሩ አልሰማሁም።

፲፩
ኩፍኝ እንዳይዛመት ከ100 ልጆች 95ቱ ሁለቱንም ክትባት መውሰድ አለባቸው። መተማ የራሱን ልጆች ይቆጥራል፣ ገዳሪፍም የራሱን። በአጨዳ ወቅት ከእናቱ ጋር ወዲያና ወዲህ የሚለው ልጅ ከሁለቱም ቁጥር ሊወጣ ይችላል። የማን ነው ብሎ መጠየቅ ይቆይ። መጀመሪያ ያገኘው ይክተበው።