ማርሳቢት ላይ ያደርናቸው ሦስት ሌሊቶች

በሞያሌ በኩል ለምትወጡና ለምትገቡ ወገኖቻችን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ኬላ፣ ስለ ምንዛሬና ስለ ጭነት ዋጋ ነው የምንጽፍላችሁ። ዛሬ ግን ሁላችሁም ስለምታልፉባት፣ ጥቂቶቻችሁ ብቻ ስለምታውቋት ከተማ እንጽፋለን። ዓመቶቹ እንደ ኬንያ አቆጣጠር ናቸው።

እኛ አራት ነን፤ ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድማችን። ከሞያሌ ሽንኩርትና ቦሎቄ ወደ ኢሲዮሎና ናይሮቢ ማውረድ ከጀመርን አሥራ አራት ዓመት ሆነን። በዚህ ሁሉ ጊዜ ማርሳቢት ለእኛ ሻይ የሚጠጣባትና ሽንት ቤት የሚገባባት ቦታ ነበረች። ባለፈው ጉዟችን ግን ከቡቢሳ አልፈን ተራራውን መውጣት ስንጀምር የኪራይ መኪናችን ፍሪሲዮን ተቃጠለ። ስልሳ ኩንታል ሽንኩርት እንደጫንን በሌላ መኪና እየተጎተትን ከተማዋ ገባን። ሾፌሩ ዕቃው ከናይሮቢ እስኪመጣ ሁለት ቀን፣ ምናልባትም ሦስት እንደሚፈጅ ነገረን። ሌላ መኪና እንከራይ ስንል የተጠራው ዋጋ ትርፋችንን ጠራርጎ የሚበላ ነበር።

ሽንኩርት የያዘ ሰው ደግሞ ማርሳቢትን መፍራት አለበት። ከቱርቢ ጀምሮ ያለው ሜዳ ደረቅ ነው። ዲዳ ገልገሉ ይሉታል፤ የጨለማ ሜዳ ማለት ነው ሲሉ ሰምተናል። ዓይን እስከሚያይ ድረስ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ከዚያ ሜዳ መሀል ነው የማርሳቢት ተራራ ብድግ የሚለው። የድሮ እሳተ ገሞራ ነው፤ ጫፉ ከባሕር ወለል 1,700 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ከታች የሚያልፈው ንፋስ ከተራራው ጋር ሲጋጭ ጉም ይሆናል። ማታ ማታ ጉሙ ከተማዋ ላይ ይተኛና እስከ ረፋድ አይነሳም። በረሃ መሀል ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ አለ። ሸራ ስር ያለ ሽንኩርት ያልበዋል፤ ከዚያ ይበቅላል፣ ከዚያ ይሸታል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ያደርነው አኮ ቤት ነው። አኮ በቦረንኛ አያት ማለት ነው፤ ስማቸውን እዚህ አንጽፍም። አስፋልቱ ሳይሠራ በፊት ሁልጊዜ እሳቸው ጋ ነበር የምናድረው። ያኔ ከሞያሌ ማርሳቢት ያለውን 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ለማለፍ ጭነት ላይ ተቀምጠን ቀኑን ሙሉ እንነዳ ነበር፤ ዝናብ ከጣለ ሁለትና ሦስት ቀን ጭቃ ውስጥ እናድራለን። ከማርሳቢት ወደ ኢሲዮሎ ደግሞ ሽፍታ ስለሚፈራ መኪኖች ተጠባብቀው ከታጠቁ ፖሊሶች ጋር ይሄዱ ነበር። አስፋልቱ እየተቀጠለ መጥቶ በ2017 አካባቢ ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ ሙሉ ሆነ። ዛሬ ከሞያሌ ማርሳቢት የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። እኛም ማደር ተውን፤ አኮንም ተውናቸው።

በር ሲከፍቱልን አልተቆጡም። አማርኛቸው ዝግ ያለ ነው፤ ቡርጂ ናቸው፣ አያቶቻቸው ከእኛ አገር የሄዱ ገበሬዎች ናቸው። «ልጆቼ፣ መኪናችሁ ባይሰበር አትመጡም ነበር» አሉን። መልስ አጣን።

ስለ ከተማዋ ስም የሚነገረውን ያወቅነው ከእሳቸው ነው። ማርሳ የሚባል ቡርጂ ገበሬ ከሜጋ መጥቶ እዚህ ተራራ ላይ እህል አበቀለ፤ ቦታው «የማርሳ ቤት» ተባለ፤ ማርሳ ቤት ማርሳቢት ሆነ ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ስሙን ከሌላ ቋንቋ ያመጡታል። እውነቱ የትኛውም ቢሆን የቡርጂ ገበሬዎች ተራራው ላይ እርሻ ማስፋፋታቸውን ማንም አይክድም። እንግሊዞች ሰሜኑን ዝግ ወረዳ አድርገው ያለ ፈቃድ መግባትና መውጣት በከለከሉበት ዘመን ይህች የአስተዳደር ጣቢያ ነበረች። ዛሬ የማርሳቢት ካውንቲ ዋና ከተማ ናት። ካውንቲው ከ70,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ በ2019 ቆጠራ ግን የተገኘው ሕዝብ 459,785 ብቻ ነው። ቦረና፣ ገብራ፣ ሬንዲሌ፣ ቡርጂ፣ ሳምቡሩ፣ ሶማሌ ሁሉም ገበያዋ ላይ ይገናኛሉ።

ሁልጊዜ በሰላም አይደለም የሚገናኙት። በሐምሌ 2005 ቱርቢ ላይ ከ50 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ የትምህርት ቤት ልጆችም ነበሩባቸው። በሚያዝያ 2006 ለዕርቅ የሚሄዱ የፓርላማ አባላትን የያዘ የወታደር አውሮፕላን እዚሁ ማርሳቢት ወድቆ 14 ሰው ሞተ። በግንቦት 2022 ግጭቱ ሲብስ መንግሥት የሰዓት እላፊ አወጀ። እኛ በየጊዜው የምንጠይቀው «መንገዱ ክፍት ነው ወይ?» ብለን ነበር። «አኮ ደህና ናቸው ወይ?» ብለን አልደወልንም።

በማግስቱ ጠዋት ሸራውን ስንገልጥ የላይኛው ጆንያ ረጥቧል። ተጨቃጨቅን። ወንድማችን «ኢሲዮሎ ያለው ደንበኛ እየጠበቀን ነው፣ ይድረስ» አለ። አንዷ እህታችን «የሚበላሸውን ይዘን ከምንጠብቅ እዚሁ እንሽጥ» አለች። ማርሳቢት ላይ ሸጠን አናውቅም፤ ደላላም የለንም። አኮ ሻሽ አስረው ተነሱና ገበያ ወሰዱን። ያየነው ነገር አስገረመን። አትክልቱ የሚመጣው ከደቡብ፣ ከሜሩ በኩል ነው፤ ከሰሜን የሚመጣው የእኛ ሽንኩርት ግን በበራቸው እያለፈ ኢሲዮሎ ይራገፋል። የጉልት ሴቶቹ ጥራቱን አይተው ወደዱት፤ ያላቸው ጥሬ ገንዘብ ግን ትንሽ ነው። ሰላሳ አምስት ኩንታል ወሰዱ፤ ግማሹን በኤምፔሳ ከፈሉ፣ ግማሹን በዱቤ። ዋሳችን አኮ ነበሩ። ወረቀት አልተጻፈም።

ከሰዓት ያልጨረስነውን ሽንኩርት መሬት ላይ ዘርግተን አናፈስነው፤ ረዳቱ እየጠበቀልን ተራ በተራ ከተማዋን አየን። ጫካው ከከተማዋ ጋር የተያያዘ ነው፤ የብሔራዊ ፓርኩ መግቢያ «አህመድ በር» ይባላል። አህመድ ሰው አይደለም፣ ዝሆን ነው። ጥርሱ መሬት ሊነካ የደረሰ ግዙፍ ዝሆን ነበር፤ አዳኞች እንዳይገድሉት ጆሞ ኬንያታ በ1970 በፕሬዚዳንታዊ አዋጅ ጥበቃ ሰጡት። በ1974 በዕድሜው ሞተ። ምስሉ ናይሮቢ ሙዚየም ግቢ ቆሟል፤ ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፈን የማርሳቢት ልጅ መሆኑን አናውቅም ነበር። ጫካው ውስጥ ከዛፎቹ ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንጠለጠለ ነገር አለ፤ ጉሙ ነው የሚያበቅለው። የድሮ እሳተ ገሞራ አፎች ጎፍ ይባላሉ። ከእነሱ አንዱ ጎፍ ሶኮርቴ ጉዳ፣ ፈረንጆች የገነት ሐይቅ የሚሉት ነው። ማርቲንና ኦሳ ጆንሰን የተባሉ አሜሪካዊ ባልና ሚስት በ1920ዎቹ ዳሩ ላይ ለዓመታት ተቀምጠው የዱር እንስሳትን ፊልም አንስተዋል። ሐይቁ ድርቅ ሲጠና ይሸሻል፣ ዝናብ ሲመጣ ይመለሳል።

ኡላኑላ ያሉትን የሚዘፍኑ ጉድጓዶችም ሰው አሳየን። ጎረምሶች ከጉድጓዱ ሥር እስከ አፉ ተደርድረው ውሃውን ከእጅ እጅ ይቀባበላሉ፤ እንዳይደክሙ ይዘፍናሉ። በእኛ በኩል ቦረና ውስጥ ያሉትን የቱላ ጉድጓዶች ያየ ሰው ወዲያው ያውቃቸዋል። ድንበሩ ሲሰመር ዘፈኑን አልከፈለውም።

ሦስተኛውን ማታ አኮ ስለ ድርቁ አወሩን። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ቀረ። ግመል እንኳ አልቻለም። ሠላሳ ሁለት ፍየል ነበራቸው፣ አራት ቀሩ። «የቀሩትንም በሞተ ዋጋ የሚገዛ ነጋዴ ይመጣ ነበር» አሉ። ማናችንም ቀና አላልንም። በዚያ ዓመት ሽንኩርቱን አራግፈን ባዶ መኪና ስንመለስ ከሎጎሎጎና ከላይሳሚስ መንገድ ዳር የከሳ ፍየል ገዝተናል፤ ባለቤቶቹ የጠሩትን ዋጋ እንኳ በግማሽ ቀንሰናል። ያኔ ጥሩ ንግድ መስሎን ነበር። ለአኮ ልንነግራቸው ፈልገን አንደበታችን ተያዘ። በመጨረሻ ታላቅ እህታችን ነገረቻቸው። ዝም አሉ። ቆይተው «እናንተ ባትገዙ ይሞቱ ነበር። ግን ታውቁኝ ነበር፤ ቆማችሁ ብትጠይቁኝ ምን ነበረበት?» አሉ። ሻይ ጨመሩልን፣ ወሬውን ወደ ሌላ አዞሩት።

መኪናው በአራተኛው ቀን ተሠራ። ኢሲዮሎ የደረሰው ሽንኩርት ሃያ ኩንታል አይሞላም፤ ቀሪውን ጥለነዋል። ዱቤው ግን በስድስት ሳምንት ውስጥ ተከፈለ። አንዲት ሴት ብቻ ዘገየች፤ የእሷን ድርሻ አኮ ሊከፍሉ ሲሉ እንቢ አልን። ልጇ ታሞ ነበር። ባለፈው ወር ላከችልን፤ ያላሰብነውን ሁለት መቶ ሺሊንግ ጨምራ።

አሁን በየጉዞው አሥር አሥራ አምስት ኩንታል ማርሳቢት እናራግፋለን። ትርፉ ከኢሲዮሎ አይበልጥም፤ ገንዘቡ ግን ቶሎ ይዞራል፣ ጭነቱም ለመውረጃው ይቀላል። የምትሞክሩ ካላችሁ ጠዋት ጉሙ ሲነሳ ግቡ፣ ሸራችሁን ፈታ አድርጉት፣ ለብርዱ ልብስ ያዙ፣ ፓርክ ለመግባት ካሰባችሁ የውጭ ዜጋ ዋጋ የተለየ ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ውሃ በጀሪካን የሚገዛባት ከተማ ናት፤ እንግድነት ስትሄዱ ከስኳር ይልቅ ሁለት ጀሪካን ውሃ አስገዝታችሁ ብትገቡ ይወደዳል።

አኮ ስድስተኛ ፍየላቸውን አገኙ። አንዷን እኛ ነን የገዛንላቸው፤ በተጠራው ዋጋ።