ከመፈንዳቱ በፊት ስለ ማምለጥ

ባለፈው ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ ስለ ነበር ከልጅ ልጄ ጋር ተቀምጬ አንድ የአሜሪካ ፊልም ተመለከትሁ። በአስተማሪነት ዘመኔ ፊልም ጊዜ ያባክናል እያልሁ ተማሪዎቼን ስገሥጽ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ ጡረታ ግን ብዙ ነገር ያስለምዳል። ፊልሙ «ኢንዲፔንደንስ ዴይ» ይባላል፤ ሮላንድ ኤመሪክ የተባለ ጀርመናዊ ያዘጋጀው ሲሆን እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጥረቶች መርከቦቻቸውን በታላላቅ ከተሞች ላይ አንዣብበው ያቃጥላሉ። የሁሉ እናት የሆነችው መርከብ ስፋቷ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው ይላሉ፤ ከአዲስ አበባ ተነሥታ በቀጥታ ወደ መቀሌ ብትዘረጋ ትተርፋለች ማለት ነው። በማይታይ ጋሻ ስለ ተከለሉ ሚሳይል አይደርስባቸውም። ታዲያ አንድ የኮምፒዩተር ዐዋቂና አንድ የጦር አውሮፕላን አብራሪ፣ በ1947 ወድቃ በምሥጢር ተደብቃ የኖረች የእነዚያኑ ትንሽ መርከብ ይዘው ወደ እናቲቱ ሆድ ይገባሉ። በዚያም ቫይረስ ይዘሩባታል፤ ጋሻው ይወድቃል። እነርሱ ግን ይያዛሉ። መሞታቸው እንደማይቀር ቈጥረው ቦምቡን ሲተኩሱ መርከባቸው ትለቀቅና፣ በሩ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ሾልከው ይወጣሉ። ከኋላቸው ያ ሁሉ ብረት እሳት ሆኖ ይበተናል። ልጁ ከወንበሩ ተነሥቶ አጨበጨበ።

ከሌላ ዓለም የመጣ መኪና የእኛን ዓለም በሽታ እንዴት ተቀበለ ብዬ ብጠይቀው ሳቀብኝ። የእናቱ ስልክ ከእርሱ መጫወቻ ጋር አልግባባ ሲል ግን ሲበሳጭ አይቼዋለሁ። እንግሊዛዊው ዌልስ በ1898 ባሳተመው ልብ ወለድ የማርስን ወራሪዎች የገደላቸው በዐይን የማይታይ ተሐዋሲ ነበር፤ ያኛው ለአእምሮዬ ይቀርባል።

እኔን የነካኝ ግን ከሁለቱ ጀግኖች ይልቅ ሦስተኛው ሰው ነው። በእርሻ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ሰካራም አውሮፕላን ነጂ ነው፤ በቬትናም የዘመተ፣ ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጥረቶች ወስደውኝ ነበር ሲል የመንደሩ ሰው ሁሉ የሚስቅበት፣ ልጆቹም የሚያፍሩበት። በመጨረሻው ሰዓት ሚሳይሉ አልለቅ ሲለው አውሮፕላኑን ራሱን ይዞ ወደ ጠላት መርከብ አፍ ይገባል። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና ሶምሶን ትዝ አለኝ፤ ምሰሶውን የገፋው እርሱም ከጣሪያው ሥር ቆሞ ነበርና።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሁሉ የልጆች ጨዋታ ነው ብለህ እንዳትንቅብኝ፣ በእርግጥ የተደረገውን ልንገርህ። ጀርመኖች ኖርዌይን በያዙ ጊዜ፣ በሪዩካን ከተማ አጠገብ ካለው ከቬሞርክ ፋብሪካ ለአቶም ምርምራቸው የሚሆን ከባድ ውሃ ያወጡ ነበር። በ1944 የቀረውን ውሃ ወደ ጀርመን ሊያጓጕዙ ሲሉ በቲን ሐይቅ ላይ «ሂድሮ» በምትባል የባቡር ፉርጎ በምታሻግር ጀልባ መሻገር ግድ ሆነ። ክኑት ሃውኬሊድ የተባለ አርበኛና ባልንጀሮቹ ሊያሰጥሟት ተነሡ። ጀልባይቱ ግን የባዕድ መርከብ አልነበረችም፤ የአገራቸው ሰው የሚሳፈርባት ናት። ስለዚህ ለንደን ያሉትን አለቆቻቸውን፣ ይህን ያህል ዋጋ ያስከፍላልን ብለው በሬድዮ ጠየቁ። ጉዳዩ ታላቅ ነውና ይደረግ የሚል መልስ መጣ።

ሌሊት ወደ ጀልባይቱ ሲገቡ አንድ ዘበኛ አገኛቸው። ከጀርመኖች የሚሸሹ ናቸው ብሎ አዘነላቸውና ወደ ታች ወርደው እንዲሸሸጉ ፈቀደ። እነርሱም ከወለሉ በታች ፈንጂውን አኖሩ፤ ማፈንጃው የደወል ሰዓት ነበር፤ ለአምስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሞሉት። ሃውኬሊድ ሲወጣ ዘበኛውን ሊያስጠነቅቀው ወደደ፤ አልቻለም። እጁን ጨብጦ አመስግኖት ሄደ። በማግሥቱ እሑድ ፌብሩዋሪ 20 ቀን ጀልባይቱ ከሐይቁ ጥልቅ ስፍራ ስትደርስ ሰጠመች። ዐሥራ ስምንት ሰው ሞተ፤ ዐሥራ አራቱ ኖርዌያውያን ነበሩ። እኔ በዚህ ሰው ላይ ለመፍረድ አልደፍርም፤ የጠየቀውን ጠይቆ፣ ዋጋውን ዐውቆ ነው ያደረገው። ስለዚያ እጅ መጨበጥ ባነበብሁ ጊዜ ግን መጽሐፉን ዘግቼ ለጥቂት ቀን ሳልከፍተው ቀረሁ።

ምክንያቱን ከዚህ ቀደም ጽፌው አላውቅም።

በ1965 ዓ.ም. የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኜ በአንድ የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት እማር ነበር። ከመመገቢያው ጀርባ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ከባሕር ማዶ የመጣ የመብራት ሞተር ነበረ። ከማታው አንድ ሰዓት ጀምሮ ምድሩን እያንቀጠቀጠ ይጮኻል፤ እኛም እስከ ሦስት ሰዓት እናጠናለን። የሚጠብቀው ሰው ጋሼ ሞተር ይባል ነበር። ጸጥተኛ ነው፤ ክረምት ልብሳችን ሲረጥብ ከሞተሩ ሙቀት አጠገብ እያሰጣ ያደርቅልን ነበር።

አንድ ቀን የማታ ጥናት ተቈጣጣሪው ባላጠፋሁት ጥፋት በጓደኞቼ ፊት በአርጩሜ ገረፈኝ። በእርሱ ላይ አንዳች ላደርግ አልችልምና አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚባለው በሞተሩ ላይ ተነሣሁ። ጋሼ ሞተር እራቱን ሊበላ ሲሄድ ገብቼ የዘይቱን ማፍሰሻ ብሎን በኪያቤ ፈትቼ አላላሁት። ዘይቱ መንጠባጠብ ጀመረ። ሮጬ ወደ ጥናት ክፍል ገባሁና የጂኦግራፊ መጽሐፌን ከፍቼ ጠበቅሁ። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ ወዲህ ገጽ ሳልገልጥ ያን ያህል ጊዜ አንብቤ አላውቅም። በመጨረሻ አምፖሉ ቀላ፣ ፈዘዘ፣ ጠፋ። ዘይት ያጣው ሞተር ብረት ከብረት ተጣብቆበት ቀጥ አለ። ልጆች በጨለማ እልል አሉ፤ እኔም እልል አልሁ።

በማግሥቱ ጋሼ ሞተር ተንበርክኮ የፈሰሰውን ዘይት በጨርቅ ሲያብስ አየሁት። ማታ ከማስነሣቴ በፊት ዘይቱን አይቻለሁ ብሎ ማለ። በዚያው ሳምንት ዘይት ለውጦ ስለ ነበር፣ ብሎኑን ሳታጠብቅ ረስተህ ነው ተባለ። ምን ሊል ይችላል? ከሥራ ተሰናበተ። ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር ዕቃውን ተሸክሞ ሲወጣ በበሩ አጠገብ ቆመን ነበርና አንድ በአንድ እጃችንን ጨበጠ። የእኔንም ጨበጠ። «በርቱ፣ ተማሩ» አለን። እኛም ሁለት ወር ያህል በፋኖስ አጠናን።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማርሁ። ጥፋተኛው ራሱን ካላወጣ ክፍሉ በሙሉ ይቀጣል እያልሁ ስንት ጊዜ በልጆች ፊት እንደ ቆምሁ አልቈጥረውም።

ፊልሙ ካለቀ በኋላ ልጁ፣ «አባባ፣ አንተ ብትሆን ታመልጥ ነበር?» አለኝ።

«አምልጫለሁ» አልሁት። ከዚያም ይህንኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርሁት። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። ይቈጣኛል ወይም ይስቅብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ስሙ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ጋሼ ሞተር።»

«እሱማ ስም አይደለም» አለኝ።

ዝናቡ አባርቶ ስለ ነበር ልጁ ኳሱን ይዞ ወጣ። እኔ የክፍል ጓደኞቼን አንድ በአንድ በልቤ ስቈጥር ቈየሁ፤ ከእነርሱ መካከል የዚያን ሰው ስም ያውቅ ይሆናል ብዬ ስልክ የምደውልለት ማን እንደ ሆነ እያሰብሁ።