የማይታይ አድማጭ ዘመዶች

የቲያትር ተዋናይ ከተመልካቹ ፊት ይቆማል፤ ጭብጨባውንም ትዝብቱንም እዚያው ይቀበላል። የሬዲዮና የቴሌቪዥን ሰው ግን የሚያናግረውን አያይም። ኢትዮጵያ ውስጥ ቀድመው ወደዚህ ሙያ የገቡ ከያንያን ትልቁ ፈተናቸው ይኸው ነበር፤ ከማይታይ አድማጭ ጋር መዛመድ።

ተስፋዬ ሣህሉ ወደ ቴሌቪዥን የመጡት ከመድረክ ነው። ሴቶች ለትወና በማይወጡበት ዘመን የሴት ልብስ ለብሰው የሴት ገጸ ባሕርይ ይጫወቱ ነበር። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በጥቅምት 1957 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የልጆችን ዝግጅት ያዙ፤ ከአርባ ዓመት በላይ በዚያ ሲቆዩም የአገሩ ልጅ ሁሉ "አባባ ተስፋዬ" አላቸው። ሥራቸው ለተመልካች ቀላል ይመስላል፤ ከምድጃ ዳር የነበረውን ተረት ወደ ስቱዲዮ አመጡ። ልጆቹን ሰብስበው ያወጋሉ፤ ተረቱ ሲያልቅም ምን እንደ ተማሩበት ይጠይቃሉ። በቤቱ ቴሌቪዥን የሌለው ልጅ ጎረቤት ሄዶ አያት አገኘ።

ወጋየሁ ንጋቱ ደግሞ ፊቱ ሳይታይ በድምፁ ብቻ ቤተኛ ሆነ። እሱም ከመድረክ የመጣ ተዋናይ ነበር። የሐዲስ ዓለማየሁን "ፍቅር እስከ መቃብር" በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርክ፣ ፊደል ያልቆጠረውም ሰው እንደ ተማረው ሁሉ የመጽሐፉ ባለቤት ሆነ። ብዙዎች ልብ ወለዱን በኋላ ሲያነቡት እንኳ በጆሯቸው የሚያቃጭለው የወጋየሁ ድምፅ ነው።

ድምፅ ድንበር ተሻግሮ ዘመድ እንደሚሆን ለጁባ ሰው መንገር አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 የኤስ.ፒ.ኤል.ኤ. ሬዲዮ ከኢትዮጵያ ምድር በአጭር ሞገድ ሲያሰራጭ፣ ጦርነቱ የበታተናቸው ደቡብ ሱዳናውያን ጆሯቸውን አስጠግተው ያደምጡት ነበር።

ዛሬ በዚህች ከተማ የሚያድግ የአማርኛ ተናጋሪ ልጅ አያቶቹ ሩቅ ናቸው። ከጓደኞቹ ጋር በጁባ ዓረብኛ ይጫወታል፤ በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያነባል። ወላጆቹ ከሱቅና ከሆቴል ሥራ ደክመው ማታ ሲመለሱ፣ አማርኛ የሚደርሰው በትእዛዝ መልክ ብቻ ይሆናል፤ "ብላ፣ ተኛ፣ ዝም በል"። እንዲህ ያለ ልጅ ቋንቋውን ይሰማል እንጂ አይጫወትበትም። ያልተጫወቱበት ቋንቋ ደግሞ ውሎ አድሮ ይረሳል።

መፍትሔው ቅርብ ይመስላል። የወጋየሁ ትረካ ከካሴት ወደ ስልክ ተሸጋግሯል፤ የአባባ ተስፋዬም ምስል እንዲሁ ይገኛል። ስልኩን ለልጁ ሰጥቶ ጎንን ማሳረፍ ይቻላል። ነገር ግን የተቀዳ ድምፅ ጥያቄ ይጠይቃል እንጂ መልስ አይጠብቅም። አባባ ተስፋዬ ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. አርፈዋል፤ የዛሬው ልጅ ለጥያቄያቸው የሚሰጠውን መልስ አይሰሙለትም።

የእነዚህ ሰዎች ሙያ ታላቅነት የማያዩትን ሰው ፊት ለፊታቸው እንደ ተቀመጠ ቆጥረው ማናገራቸው ነበር። ወላጅ ግን ልጁ በእርግጥም ፊት ለፊቱ ተቀምጧል። ደክሞም ቢሆን በሳምንት አንድ ማታ "ተረት ተረት" ካለ፣ "የላም በረት" የሚለውን መልስ በገዛ ጆሮው ይሰማል። ይህ ለወጋየሁ በስቱዲዮ ውስጥ ያልተሰጠው ዕድል ነው።